ችግሩ ሆድ ላይ ሆኖ ሐኪሙ አንገቴን ለምን ያያል? ከማደንዘዣ በፊት ስለሚደረግ ምርመራ



ሰሞኑን አዲስ አበባ የምትኖር አንዲት እህት በውስጥ መስመር ይህን ጻፈችልኝ፤ በፈቃዷ ነው የማካፍላችሁ። «ዶክተር፣ እናቴ ያለችው ከላላ ነው። ለማህፀን መውጣት ኦፕሬሽን ቀጠሮ ይዛ ሄዳ፣ ሐኪሙ አፍዎን ይክፈቱ፣ ምላስዎን ያውጡ፣ አንገትዎን ቀና ያድርጉ ሲላት ቆየ። ችግሩ ታች፣ እሱ የሚያየው ላይ! ሰውየው ሥራውን ያውቃል ግን?»

ያውቃል። እንዲያውም እናትሽ ጥሩ እጅ ላይ ነው የወደቁት።

መልእክቱን ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን አፈርኩ። ይህንኑ ጥያቄ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ማዳመጫ አንገቴ ላይ ሰቅዬ፣ እኔም በልቤ ጠይቄው አውቃለሁ። መጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ተመርቄ በወጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ስሠራ ነው። የእምብርት ቡአ ያለባቸው አንዲት እናት ለኦፕሬሽን ተኙ። ማታ ካርዳቸውን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ብርዱ የዋዛ አልነበረም፤ ሻሻቸውን አንገታቸው ድረስ ጠምጥመው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። «እንዴት ነዎት እናቴ?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ። ሆዳቸውን አየሁ፣ ደረታቸውን አዳመጥኩ፣ ግፊታቸውን ለካሁ። ካርዱ ላይ «አንገት፦ ችግር የለውም» ብዬ ጻፍኩ። አንገታቸውን ግን አላየሁትም።

ጠዋት የሰመመን ባለሙያው መጣ። አጠገባቸው ቁጭ አለና «እማማ፣ ሻሹን እስቲ ፈታ ያድርጉት» አላቸው። ተፈታ። በቀኝ በኩል ጡጫ የሚያህል እንቅርት አለ። የጉሮሮውን ቧንቧ ወደ ግራ ገፍቶታል።

«ማታ እንዴት ነው የሚተኙት?»

«ትራስ ደራርቤ። በጀርባዬ ስጋደም ያፍነኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆየ። እሱማ የኖርኩበት ነው።»

ወደ እኔ ዞሮ ምንም አላለኝም። እኔ የጻፍኩባትን መስመር በጣቱ ነካ አድርጎ ካርዱን መለሰልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ አንገት ምርመራ «አንገት» የሚል ቃል ጽፌ አላውቅም።

«የወገብ ነው እኮ!»

ያን ጠዋት ራሴን ለመከላከል በልቤ ያልኩት ይህን ነበር። ኦፕሬሽኑ የታሰበው በወገብ ማደንዘዣ፣ ማለትም በስፓይናል ነው። ሰውየው አይተኛም፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አይገባም። ታዲያ አንገት ምን አገባው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የወገብ ማደንዘዣ አንዳንዴ በደንብ አይዝም። አንዳንዴ ከሚፈለገው በላይ ወደ ላይ ይወጣና የደረትን ጡንቻ ያደክማል፤ ትንፋሽ ያጥራል። አንዳንዴም ኦፕሬሽኑ ከታሰበው በላይ ይረዝምና መድኃኒቱ ቀድሞ ያልቃል። ያኔ ታካሚውን ማስተኛት ግድ ነው። ሆድ ተከፍቶ፣ ቀዶ ሐኪሙ እጁ ደም ነክቶ፣ ሁሉም እየተጣደፈ ባለበት ሰዓት እንቅርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት የለብንም። ስለዚህ በወገብም ይሁን በሙሉ ማደንዘዣ፣ አፍና አንገት ሳይታይ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል አይገባም።

ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ልብ በሉ። ሰው በእንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚተኛው። ጡንቻው ይላላል፣ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ትንፋሹ ይቆማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚተነፍስለት ሌላ ሰው ነው፤ ወይ በጭንብል፣ ወይ በቱቦ። አስቀድሞ ኦክስጅን በደንብ የሳበ ጤነኛ ጎልማሳ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ በጣም የወፈረ ሰው ግን ከዚያ ያነሰ ነው የሚታገሡት። ባለሙያው ቱቦውን የሚያስገባው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ከዋዜማው ማወቅ አለበት፤ ቀጭን ቱቦ፣ ሌላ መሣሪያ፣ ሁለተኛ ባለሙያ የሚያዘጋጀው ያኔ ነው። አለዚያም ታካሚውን ወደ ደሴ ሪፈር ይላል።

መስታወት ፊት ቁሙ

አሁን እናንተም ሞክሩት። ለራሳችሁ ምርመራ እንድታደርጉ ሳይሆን፣ ነገ ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ግራ እንዳይገባችሁ ነው።

አፋችሁን የቻላችሁትን ያህል ክፈቱ። የራሳችሁን ሦስት ጣት ደራርባችሁ በላይና በታች ጥርሳችሁ መካከል ይገባል? ከገባ ጥሩ። ከዚያ ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ምላሳችሁን ሳብ አድርጋችሁ አውጡ፤ «አ» አትበሉ፣ ድምፅ ሲወጣ ላንቃው ስለሚነሳ ያሳስታል። እንጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ይታያል? ግማሹ ነው የሚታየው? ወይስ ከምላስ በቀር ምንም አይታይም?

ይህችን ቀላል ነገር ወደ ሕክምና ያመጣት ህንድ ተወልዶ ቦስተን ይሠራ የነበረ ማላምፓቲ የሚባል የሰመመን ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት 210 ታካሚዎችን አፋቸውን አስከፍቶ አይቶ፣ በኋላ ቱቦ ማስገባቱ ምን ያህል እንደከበደ አመሳከረ። ምላስ ላንቃውን የሸፈነባቸው ሰዎች ላይ ሥራው የሚከብድ ሆኖ አገኘው። መጀመሪያ ሦስት ደረጃ ነበረው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ሐኪሞች አራተኛ ጨመሩበት። ዛሬ መካነ ሰላምም፣ ደሴም፣ ለንደንም «ምላስዎን ያውጡ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

እዚህ ላይ የኛ አገር ጉዳይ አለ። በልጅነታቸው እንጥላቸውን የተቆረጡ ብዙ ሰዎች አሉ። እንጥል የሌለው ሰው ላይ «እንጥሉ ይታያል አይታይም» ብሎ ደረጃ መስጠት አይቻልም፤ ላንቃውንና በጎንና በጎን ያሉትን እጥፋቶች ነው የምናየው። እንጥላችሁን ተቆርጣችሁ እንደሆነ ንገሩን። ማንም አይቆጣችሁም። ደግሞም ይህ ምርመራ ብቻውን ብዙ ያመልጠዋል፤ አፉ ጥሩ የሆነ ሰው አንገቱ የማይታጠፍ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቀጥሎ ጣሪያ እንድታዩ የምትጠየቁት። ከአገጭ እስከ ማንቁርት ያለው ርቀትም ይለካል፤ እሱም ወደ ሦስት ጣት ገደማ ቢሆን እንወዳለን።

በልጅነቱ እሳት ላይ ወድቆ አንገቱ የተቃጠለ ሰው ታውቁ ይሆናል። የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ብዙ እናየዋለን። ቁስሉ ድኖ ጠባሳው አገጭን ወደ ደረት ስቦ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ሰው ለእግሩ ስብራት እንኳ ቢመጣ፣ ለሰመመን ባለሙያው ከስብራቱ ይልቅ የሚያሳስበው ጠባሳው ነው።

ጥርስ። የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ተናገሩ፤ በተለይ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች የወተት ጥርስ ይነቃነቃል፣ ቱቦ ሲገባ ወልቆ ሳንባ ውስጥ ሊወርድ ይችላል። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላችሁ ከመግባታችሁ በፊት አውጡት። አንድ አባት ሰው ፊት ማውጣት አፍረው ዝም ብለው ሊገቡ ሲሉ የደረስንባቸው በነርሷ ንቃት ነው።

እንቅርትን ልቆይበት

እንቅርት በኛ አካባቢ ከመለመዱ የተነሳ እንደ በሽታ አይቆጠርም። ደጋው ላይ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ አፈር የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 39.9 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከ100 ልጅ 40 ማለት ነው! ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንግዲህ ዛሬ 50ና 60 ዓመት የሆናቸው እናቶቻችን ያደጉት ያለዚያ ጨው ነው።

ትንሽ እንቅርት ያለው ሰው ሁሉ ችግር ይገጥመዋል ማለት አይደለም። ባለሙያው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መጫን፦ ቧንቧውን ገፍቶታል ወይ? ድምፅ ተለውጧል ወይ? በጀርባ ሲተኙ ያፍናል ወይ? ወደ ደረት ውስጥ ይወርዳል ወይ? ሁለተኛው እንቅርቱ ሆርሞን በብዛት ይረጫል ወይ የሚለው ነው። እጅዎን ዘርጉ ይባላል፤ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ? ልብ ዝም ብለው ተቀምጠው ይመታል? መዳፍ ያልባል? ዓይን ወጣ ወጣ ብሏል? ክብደት ቀንሷል? እንዲህ ከሆነ ሳይታከም ኦፕሬሽን መግባት ለሕይወት ያሰጋል፤ ልብና ሙቀት ከቁጥጥር ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮው ይዘገያል፣ መድኃኒት ይጀመራል።

ስለዚህ እህቶቼና እናቶቼ፣ ሻሽ ይፈታ ሲባል አትቀየሙን። ሴት ባለሙያ ብትሆን የምትመርጡ ከሆነ ጠይቁ፤ ካለች ትመጣለች። መጋረጃ ይጋረድ፣ ልጃችሁ ወይ እህታችሁ አጠገባችሁ ትቁም። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። እኛም ሳንጠይቅ መፍታት የለብንም።

«ደህና ነኝ» የሚለው መልስ

እንዴት ነዎት ስንል «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ይባላል። ይህ ሰላምታ ነው። እኔ ያን ማታ እንደ ምርመራ ውጤት ቆጠርኩት። ስህተቴ አንገት አለማየት ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

ልብና ሳንባ ኦፕሬሽኑን ይችሉታል ወይ ለሚለው የውጭ መጻሕፍት «ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፍ ይወጣል?» ብለው ነው የሚጠይቁት። ከላላ ገጠር ለምትኖር እናት ይህ ምን ይሆናታል? እኔ አሁን የምጠይቀው «ውሃ ቀድተሽ ዳገቱን ስትወጪ ስንት ቦታ ታርፊያለሽ? አምናስ?» ብዬ ነው። «አምና አላርፍም ነበር፣ ዘንድሮ ሦስቴ» ካለችኝ ደረቷን በጥሞና አዳምጣለሁ። ከአዲስ አበባ ለሆነ ሰው ደግሞ የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በቂ ነው።

በተለይ የምንፈራው በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በር የሚያጠብበውን በሽታ ነው፤ ሩማቲክ ይባላል። ብዙ ወጣት ሴቶች እንዳለባቸው የሚያውቁት ሲያረግዙ ወይም ለኦፕሬሽን ሲመጡ ነው። የወገብ ማደንዘዣ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ግፊት ይወርዳል። ጤነኛ ልብ ፈጥኖ በመምታት ያካክሰዋል። በሩ የጠበበ ልብ ግን ማካካስ ያቅተዋል። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረት ላይ አድርጎ ሲቆይባችሁ፣ በግራ ጎን ተኙልኝ ሲላችሁ፣ ያቺን ቀጭን ድምፅ እየፈለገ ነው። እባካችሁ ያን ሰዓት አታውሩት። አስታማሚዎችም ስልካችሁን ዝም አሰኙልን።

ግፊት ይለካል፤ አንዴ ከፍ ካለ አትደንግጡ፣ ፍርሃትም ያደርገዋል፣ አርፋችሁ ይደገማል። የታችኛው የዓይን ሽፋን ተገልጦ ደም ማነስ ይታያል። እግር እብጠት እንዳለው ይጫናል። ሳል፣ አክታ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ካለ፣ በተለይ ጉንፋን የያዘው ልጅ ከሆነ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ቢዘገይ ይሻላል።

ጣት ላይ የምትደረገው ቁንጥጫ

ፐልስ ኦክሲሜትር በኮቪድ ጊዜ ሁላችሁም አውቃችኋታል። ለኛ አካባቢ ግን ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ።

አንደኛ፣ እንሶስላ፣ ሂናና የጥፍር ቀለም ንባቡን ሊያዛቡት ይችላሉ። ለሰርግ የተሞቀ እንሶስላ በአንድ ቀን አይለቅም፤ ግድ የለም፣ ጆሮ ላይ ወይም ሌላ ጣት ላይ እናደርገዋለን። የጥፍር ቀለሙን ግን አስለቅቃችሁ ኑ። የቀዘቀዘ እጅም ያሳስታል። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የታኅሣሥ ጠዋት እጅ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። 84 ያነበበ መሣሪያ እጁ ጋቢ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ 94 ሲል አይቻለሁ።

ሁለተኛው የኛ የባለሙያዎች ስንፍና ነው። እጁ ሞቆም 86 ሲል «ደጋ ስለሆነ ነው» ብለን እናልፋለን። ከፍታ በእርግጥ ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ያሳተሙትን ጥናት አስቡ፤ በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ የኛ ሰዎች አማካዩ 95.3 በመቶ ነበር! የዚያ ሁሉ ከፍታ ሰው 95 ካለው፣ የከላላ ሰው 86 ሲል ጥፋቱን ተራራው ላይ መለጠፍ አይቻልም። ሳንባውና ልቡ እንደገና ይታይ።

ጀርባ

የወገብ ማደንዘዣ ከሆነ ጀርባ ተገልጦ ይታያል። መርፌው የሚገባበት ቦታ ቁስል፣ መግል ወይም እባጭ ካለው መርፌው ጀርሙን ወደ አከርካሪ ይዞት ሊገባ ይችላል፤ አይወጋም። ለወገብ ሕመም በባህል ሐኪም የተተኮሰ ሰው ጠባሳው ከደረቀ ችግር የለም፤ ትኩስ ቁስል ከሆነ ግን አለ። አከርካሪው የጎበጠ፣ በፊት የጀርባ ቲቢ የነበረበት ሰው መርፌው ሊከብድ ይችላል። ድዱ የሚደማ፣ ሰውነቱ ያለ ምክንያት የሚበልዝ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይናገር።

«ወገቤን ከተወጋሁ ዕድሜ ልኬን ያመኛል» የሚለውን ፍርሃት ሌላ ቀን ሰፋ አድርጌ እጽፍበታለሁ፤ ዛሬ ከጀመርኩት አይነጋልኝም።

«ፁሙ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይሄ ከአካል ምርመራ ትንሽ ወጣ ይላል፤ ግን ባለሙያው ሆድ ነካ ነካ አድርጎ «ምን በሉ? መቼ?» የሚለው የምርመራው አካል ነው። ደግሞም በኛ ቋንቋ ምክንያት ብዙ ስህተት የሚፈጠርበት ቦታ ነው።

ነርሷ «ነገ ፁመው ይምጡ» ትላለች። ክርስቲያኗ እናት ጠዋት በሽሮ ጠግባ ትመጣለች፤ ሽሮ የፆም ነዋ! ሙስሊሟ እናት ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ሱሁር በልታ ትመጣለች፤ ፆም የሚጀምረው ከዚያ ነዋ! ሁለቱም ፁመዋል። ሁለቱም ጨጓራቸው ሙሉ ነው። ስለዚህ እኛ ባለሙያዎች «ፁሙ» የሚለውን ቃል ትተን «ከዚህ ሰዓት በኋላ እህል እንዳይቀምሱ» ብንል ይሻላል።

ሆዱ ሙሉ የሆነ ሰው ሲደነዝዝ ምግቡ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሜንደልሰን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 ኒው ዮርክ ላይ ከ44,016 ወሊዶች መካከል በ66ቱ እናቶች ላይ ይህ እንደደረሰ ጽፎ ነው ዓለም የነቃው። የምጥ ላይ እናት ጨጓራዋ ስለሚዘገይ፣ ከበላች ቢቆይም ሆዷ ሙሉ እንደሆነ ነው የምንቆጥረው።

በጥቅሉ የሚሠራበት ልክ ይህ ነው። ቅባት ያለው ከባድ ምግብ 8 ሰዓት፣ ቀለል ያለ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹህ ውሃ 2 ሰዓት። ወተት የሌለው ሻይና ቡና እንደ ውሃ ይቆጠራል። አጥሚት፣ በሶና ጠላ ግን ውሃ አይደሉም! ቆሎም ምግብ ነው፤ «ቆሎ ብቻ ነው የቆረጠምኩት» የሚል መልስ ስንቴ እንደሰማሁ። ጠበል ወይም ዘምዘም መጠጣት የምትፈልጉ ከሆነ ማንም አይከለክላችሁም፤ መጠኑንና ሰዓቱን ግን ለባለሙያው ንገሩ። የተቀጠራችሁበት ሆስፒታል ከዚህ የተለየ ሰዓት ከሰጣችሁ የእነሱን አድርጉ።

የልጅ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አንድ የ5 ዓመት ልጅ ለቡአ ኦፕሬሽን ሊገባ ነው። እናቱ «ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም» ብላ ምላለች። የሰመመን ባለሙያው ልጁን አቅፎ «ጎበዝ፣ ዛሬ ጠዋት ማን ምን ሰጠህ?» ሲለው «አያቴ ዳቦ፣ ሽንት ቤት ጋ!» አለ። አያት አንጀታቸው አልችል ብሎ ደብቀው አጉርሰውታል። እናት እንባዋ መጣ፣ አያት መሬት መሬት አዩ፤ ኦፕሬሽኑ ለሌላ ቀን ተላለፈ። አያትን አልተቆጣናቸውም፤ ለምን እንደሚከለከል ማንም አላስረዳቸውም ነበርና።

መድኃኒትን በተመለከተ በአጭሩ፦ የግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የአስም፣ ደም የሚያቀጥን ማንኛውንም መድኃኒት በእጃችሁ ይዛችሁ ኑ። የቱን ጠዋት በትንሽ ውሃ እንደምትውጡ፣ የቱን እንደምትተዉ ይነገራችኋል፤ በራሳችሁ አትወስኑ። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የቃማችሁ ከሆነ መቼ እንደሆነ እውነቱን ንገሩ። ይህ ለፖሊስ የሚሰጥ ቃል አይደለም።

ሁሉም ሲያልቅ ባለሙያው ካርዱ ላይ ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ቁጥር ይጽፋል። 1 ሌላ በሽታ የሌለበት ሰው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር የሰውየው የጤና ሁኔታ ይከብዳል። «3 ተባልኩ» ብላችሁ አትጨነቁ፤ ምን ማለት እንደሆነና ለእሱ ምን እንደታሰበ ጠይቁ። አስቸኳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ምጥ የተያዘባት እናት፣ ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ይታጠፋል። ያኔም ቢሆን አፍ፣ አንገት፣ ደረት፣ ግፊትና ጀርባ ይታያሉ። ማንም ሳይነካችሁ «ግቡ» ከተባላችሁ «የሰመመን ባለሙያው አላየኝም» በሉ። ነውር የለውም።

ለጻፍሽልኝ እህቴ፦ ለእናትሽ ደውዪና ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። ማታ በጀርባ መተኛት ይችላሉ? ዳገት ሲወጡ ዘንድሮ ከአምና ይብሳል? መልሱን ለሐኪሙ ይንገሩት። ባይጠየቁም።

እንቅርት የነበረባቸው እናት ደሴ ሄዱ። ደማቸው ታየ፣ ሆርሞኑ ደህና ነበር፤ እዚያው ቅድሚያ እንቅርቱ በዝግጅት ወጣላቸው። ከወራት በኋላ ለቡአው ተመልሰው መጡ። ካርድ ይዤ ወደ አልጋቸው ስጠጋ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ሻሻቸውን ፈተው አንገታቸውን ቀና አደረጉና «በል እይ፣ ዘንድሮ እንኳ አታመልጠኝም» አሉኝ።